ስለ አያ ተገኘ የሰጠሁት ቃል

ደባርቅ ችግኝ ጣቢያ ስመደብ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ጎንደር ከተማ ተወልጄ፣ ተምሬ፣ ከእርሻ ትምህርት ቤት ዲፕሎማ ይዤ የወጣሁ፣ ግን እጄ አፈር ከነካ ገና ብዙ ያልቆየ ልጃገረድ ነበርኩ። ዘመኑ የደርግ ነው። ወንበዴ የሚባሉት በገደሉ፣ ወታደሩ በመንገዱ ነበር። የይለፍ ወረቀት ሳይያዝ ከከተማ አይወጣም። ሰው ጎረቤቱን ሰላም ሲል እንኳ አጭር አድርጎ ነበር።

የጣቢያችን ሥራ ባሕር ዛፍና ጥድ ማፍላት ነው። በየዓመቱ ይህን ያህል ችግኝ ተብሎ ከላይ ይታዘዛል፤ እናፈላለን፤ ክረምት ሲገባ የገበሬ ማኅበሩ ወጥቶ ይተክላል። ከተተከለው ምን ያህሉ እንደጸደቀ የጠየቀን ሰው አላስታውስም።

አያ ተገኘ በጣቢያው የቀን ሠራተኛ ነበሩ። ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ ነው። ተወልደው ያደጉት ከሊማሊሞ አፋፍ ሥር ነው። አጭር፣ ቀጭን፣ ንግግራቸው ዝግ ያለ ሰው ነበሩ። በመጀመሪያዎቹ ወራት እኔ አዛዥ፣ እሳቸው ታዛዥ ነበርን። “እንዲህ ያድርጉ” ስላቸው “እሺ ልጄ” ይላሉ፤ ከዚያ ዞር ብለው በራሳቸው መንገድ ይሠሩታል። እሳቸው የያዙት መደብ ይለመልማል፤ እኔ በደብተሬ መሠረት ያስያዝኩት በአመዳይ ይቃጠላል። ሁለተኛው ዓመት ላይ ማዘዙን ትቼ መጠየቅ ጀመርኩ።

ነገሩ የተነሳው ዳባት አጠገብ ባለች አንዲት መንደር ምንጭ ነው። የመንደሩ ሴቶች ምንጩ ክረምት በመጣ ቁጥር አፉ እየተናደ በደለል እንደሚደፈን፣ በጋ ላይ ደግሞ እንደሚጠፋባቸው ለቢሮ አመለከቱ። እኔና አያ ተገኘ ሄደን እንድናይ ተላክን። ከምንጩ በላይ ከሁለት ዓመት በፊት የእኛው ጣቢያ ያፈላው ባሕር ዛፍ ተተክሏል፤ እንደ ጦር ቀጥ ብሎ አድጓል። ሥሩ ያለው አፈር ግን ደረቅና ልቅ ነው። አያ ተገኘ ምንጩ አፍ ላይ ተንበርክከው እጃቸውን እስከ ክርናቸው ጭቃው ውስጥ ከተቱ። ጭቃውን በጣታቸው እያሹ፣ “ይህን የሚይዘው ዛፍ አይደለም” አሉኝ። “ውሃ የሚወድ ሥር ነው። ዛፍ ይጠጣዋል። እነዚያ ግን አብረውት ይኖራሉ።”

እነዚያ ያሏቸው እኔ አረም የምላቸውን ነበር። አንዱ እንሶስላ ነው፤ ሴቶች እጅና እግራቸውን የሚሞቁት። ሌላው ሥረ ብዙ ነው፤ ስሙ እንደሚለው አንዱ ተክል ሥሩ መቶ ነው፤ ለሆድም ለቁስልም ይቀጠቅጡታል። ሦስተኛው እኛ ትምህርት ቤት ፈርን ተብሎ የተማርነው፣ እሳቸው ላባ ቅጠል የሚሉት የጥላ ተክል ነው። ሦስቱም ሊማሊሞ ገደል ውስጥ፣ ፀሐይ በቀን አንድ ሰዓት እንኳ በማታገኘው ስንጥቅ ሞልተዋል። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ሥራቸውን ነቅለን ወስደን ምንጩ አፍ ላይ ብንተክል፣ ሐምሌ ላይ አፈሩን ጨብጠው ይገኛሉ አሉ።

ለኃላፊያችን ነገርኩት። እሱም ብዙ ልጆች ያሉት፣ ከወንድሙ መታሰር ወዲህ ጥላውን የሚፈራ ሰው ነበር። ሐሳቡን አልጠላውም። “ሥሩት” አለኝ። ወረቀት ስጠይቀው ግን ይህ በዕቅዱ ውስጥ ስለሌለ ወረቀት ሊጽፍ እንደማይችል ነገረኝ። ለራሳችን ብቻ “ለሥራ ጉዳይ ወደ ዳባት” የሚል ይለፍ ጻፈልን። እኔም አልተከራከርኩም። ሐሳቡን የወደደልኝ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ገደሉ ውስጥ ስንቆፍር ዋልን። በሕይወቴ እንደዚያ ሁለት ቀን የተማርኩበት ጊዜ የለም። እንሶስላው ገና ጫፉ ብቅ እያለ ነበርና ሥሩ እንደ ትንሽ ድንች ወፍሮ ይወጣል። ላባ ቅጠሉ ከላይ ሲታይ ለስላሳ ነው፤ ከመሬት በታች ግን እንደ ሽቦ የጠቆረ ግንድ አለው፤ እሱ ከተቆረጠ አለቀለት። ከሦስት አንዱን ትተን ነበር የምንነቅለው፤ “ቤቱን ባዶ አታድርጊበት” ይሉኝ ነበር። አፈሩን አራገፍነው፤ ከነአፈሩ ሽቅብ ተሸክሞ መውጣት የሚታሰብ አይደለም። ሥሩ ራቁቱን ሲቀር አያ ተገኘ ግንድ ላይ የሚበቅለውን እርጥብ የዛፍ ሽበት እየገፈፉ ጠቀለሉት፤ በዚያ ላይ ውሃ የነከርነውን ጆንያ አለበስነው።

“ራቁቱን የወጣን ሥር ጥም ቶሎ አይገድለውም” አሉኝ ሲያስሩ። “ነፋስ ነው የሚገድለው። ሁለት ቀን ይታገሳል። በሦስተኛው እኔም አላውቅለት።”

በማግስቱ ጠዋት አራቱን ጆንያ ወደ ጎንደር በሚወርድ ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ ጫንን። እኔ ጋቢና ውስጥ፣ አያ ተገኘ ከላይ ከጆንያው ጋር ሆንን። ግማሽ መንገድ ላይ ኬላ አለ። ሁልጊዜ ይለፉን አይተው ያሳልፉናል። የዚያን ዕለት ግን ወታደሮቹ ሌላ ፊት ነበራቸው። በዚያ ሳምንት ታች ቆላው ላይ ውጊያ እንደነበረና ከወንበዴዎቹ ብዙ ሰው መቁሰሉን ሹፌሩ ሹክ ብሎኝ ነበር፤ እኔ ከእኛ ጉዳይ ጋር አላገናኘሁትም።

አንድ አሥር አለቃ ጆንያውን አስወርዶ አስፈታ። እንሶስላውን አየ፣ ሳቀ፤ ለሠርግ ነው ወይ አለ። ሦስተኛው ጆንያ ሲፈታ አብሮት የነበረው ሚሊሻ ጎንበስ ብሎ አንድ ሥር አነሳና አሸተተ። የአገሩ ሰው ነው፤ አወቀው።

“ይህ የቁስል መድኃኒት ነው” አለ።

ያቺ አንዲት ቃል ናት የለወጠችን። ይህን ሁሉ የቁስል መድኃኒት ለማን ነው የምትወስዱት ተባልን። ለምንጭ አልን። ለምንጭ? አሥር አለቃው ሚሊሻውን አየ፤ ሚሊሻው መሬት አየ። ሥር ለምንጭ እንደሚተከል ሰምቶ እንደማያውቅ ነገረው። ሹፌሩ እኛን የማያውቀን ሰው ሆነና መኪናውን አስነስቶ ሄደ። አልፈረድኩበትም።

ከኬላው አጠገብ እህል ይቀመጥባት በነበረች የቆርቆሮ ቤት አስገቡን። ሥሩን ግን ሽበቱን ሁሉ ከላዩ አውልቀው፣ ውስጡ የተደበቀ ነገር እንዳለ እየፈለጉ ሜዳው ላይ በተኑት። በሩ ክፍት ነበር፤ እግራችን ሥር አንድ ወታደር ተቀምጧል። ከበሩ እስከ ሥሩ አሥር እርምጃ አይሆንም። የስሜን የግንቦት ነፋስ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ እርጥብ ልብስ በአንድ ሰዓት የሚያደርቅ ነው። ጠባቂው ወታደር እንዲሸፍንልን ለመንኩት። ውሃ እንኳ ባይሆን፣ ጆንያውን መልሶ ጣል ቢያደርግበት። ደግ ልጅ ይመስል ነበር። ይሁንና ኤግዚቢት ስለሆነ ማንም እንዳይነካው መታዘዙን ነገረኝ። ኤግዚቢት የሚለውን ቃል ሲናገር ራሱም የሚፈራው ይመስላል።

ቀኑን ሙሉ ተቀምጠን አየነው። ላባ ቅጠሉ መጀመሪያ ተጠቀለለ። ከቀትር በኋላ ነፋሱ እያነሳ ያንከባልለው ጀመር። እኔ አለቀስኩ፣ ተቆጣሁ፣ ዲፕሎማዬን ጠራሁ፣ የኃላፊያችንን ስም ጠራሁ። አያ ተገኘ ወደ ማታ ላይ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውልቀው ለወታደሩ ዘረጉለት፤ “አንተ አትንካው፤ ነፋሱ እንዳይነካው ይህን ጣልበት” አሉት። ልጁ ግራ ቀኝ አየና ወስዶ ጣለበት። አያ ተገኘ ያን ሌሊት በሸሚዝ አደሩ፤ ነጠላዬን ብሰጣቸው እምቢ አሉ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አንድ የመቶ አለቃ መጣ። ወጣት ነው፤ ንግግሩ የአዲስ አበባ ነው፤ አልጮኸም፣ አልተሳደበም። እኔን ብቻዬን ወደ ቢሮው አስጠራኝና ወንበር ሰጠኝ። ዓይኔ እያየ ወደ ደባርቅ ስልክ አስደወለ። የኃላፊያችንን ድምፅ ከእጀታው ውስጥ እሰማው ነበር። ጣቢያው የሚያፈላው ባሕር ዛፍና ጥድ መሆኑን፣ ስለ ዱር ሥር የሚያውቀው ትእዛዝ እንደሌለ ተናገረ። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ፤ ወይም ዘጋው።

“ሐሳቡ የማን ነው?” አለኝ የመቶ አለቃው።

የእኔ ነው አልኩት። ጠረጴዛው ላይ ከነበሩት ሥሮች አንዱን ገፋ አደረገልኝ፤ እንሶስላ ነው አልኩ። ሌላ ገፋልኝ። ደርቆ ተኮማትሮ ነበር፤ አገላበጥኩት። ሥረ ብዙ ይሁን ላባ ቅጠል መለየት አቃተኝ። ገምቼ ተናገርኩ። ሚሊሻው በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ራሱን ነቀነቀ።

“ታዲያ የሚያውቀው ማን ነው?”

አንባቢዎቼ፣ እዚህ ላይ ጥቂት ታገሡኝ። ያን ጊዜ ያሰብኩትን እንዳሰብኩት ልንገራችሁ። ዝም ብል ተጠርጣሪ ያደርጋቸዋል ብዬ አሰብኩ። ይህ ሰው ግን ጨዋ ነው፣ የተማረ ነው፤ አያ ተገኘ ምን ዓይነት ሰው እንደሆኑ በደንብ ባስረዳው ይገባዋል፣ ይለቃቸዋል አልኩ። ስለዚህ ተናገርኩ። የእኔ አያት ቢሆኑ እንኳ እንዲያ አድርጌ አልናገርም ነበር።

ከገደሉ ውስጥ የማያውቁት ሥር የለም አልኩት። ብቻቸውን ሁለት ሦስት ቀን እዚያው ያድራሉ፤ ፍየል እንኳ የማትደፍረውን መንገድ እሳቸው ያውቁታል። የታመመ ሰው ሁሉ ደጃቸው ይመጣል፤ ማን ነህ፣ ከየት ነህ ብለው አይጠይቁም፤ ከማንም አምስት ሳንቲም አይቀበሉም። እንዲህ ያለ ደግ ሰው አይቼ አላውቅም አልኩት። እየተናገርኩ ሳለሁ ይጽፍ ነበር። መጻፉ ደስ አለኝ። እየሰማኝ ነው ብዬ ይበልጥ ጨመርኩ።

ሲጨርስ አነበበልኝ።

“ተጠርጣሪው የአካባቢውን ገደል ጠንቅቆ ያውቃል። ሰው የማያውቃቸውን መንገዶች ይጠቀማል። ለብቻው ለቀናት ይሰወራል። ከየት እንደመጡ ሳይጠይቅ ቁስለኞችን በነፃ ያክማል።”

ቁስለኛ አላልኩም አልኩት፣ በሽተኛ ነው ያልኩት። የመቶ አለቃው አልተከራከረኝም፤ ቃሏን ሰርዞ በላይዋ ላይ “በሽተኞችን” ብሎ ጻፈና ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረው። የቀረው ሁሉ የእኔ ቃል ነበር። “ይሰወራል” አላልኩም እንዳልል ያድራሉ ብያለሁ። “ይጠቀማል” አላልኩም እንዳልል ያውቃሉ ብያለሁ። ደግ ሰው ናቸው ማለቴስ የት አለ ብዬ ጠየቅኩት። ያ አስተያየት እንጂ ማስረጃ እንዳልሆነ በትሕትና ነገረኝ። ከዚያ እስክሪብቶውን ሰጠኝ።

ፈረምኩ። እምቢ ብል ምን ይመጣ እንደነበር ስንት ጊዜ አስቤዋለሁ። እኔንም ይጨምሩኝ ነበር፤ እሳቸውን አይለቋቸውም ነበር። ይህን አውቃለሁ። ቢሆንም እጄ ነው የፈረመው።

ወዲያው ከሰዓት በኋላ ወደ ጎንደር የሚሄድ የጦር መኪና መጣ። አያ ተገኘን እጃቸውን ወደፊት አስረው አወጧቸው። አጠገቤ ሲደርሱ ቆም አሉ። ይቅር በሉኝ ልላቸው ተጠጋሁ። እሳቸው ግን ገና አላወቁም፤ ሌላ ነገር ነበር የቸኮሉበት።

“እንሶስላው ይድናል” አሉኝ። “ዛሬውኑ ጭቃ አስነኪው። ጫፉን ወደ ላይ አድርጊ፤ ሁለት ጣት ያህል ብቻ አልብሺው። ሥረ ብዙውን ከጥላው በኩል። ላባ ቅጠሉን ግን እንጃ፤ ብትሞክሪው ምን ይጎዳል።”

ወታደሩ ገፋ አደረጋቸው። መኪናው ላይ ሲወጡ ረዳት አጥተው ሁለት ጊዜ ተንሸራተቱ።

የመቶ አለቃው አንዱን ጆንያ ለማስረጃ ወሰደ። የቀረውን ውሰጂ አለኝ። ወደ ዳባት በሚያልፍ መኪና ሄጄ፣ የመንደሩን ሴቶች ጠርቼ፣ እስኪመሽ ተከልን። አያ ተገኘ የት ቀሩ ብለው ጠየቁኝ፤ ጉዳይ ገጠማቸው አልኩ። እጄ እንደ ሌላ ሰው እጅ ይሠራ ነበር፤ ጫፉ ወደ ላይ፣ ሁለት ጣት አፈር። ሲጨልም ጋቢያቸው ከጆንያው ሥር ተጠቅልሎ አገኘሁት።

ጋቢውን ይዤ ነው በማግስቱ ደባርቅ ባለቤታቸው እትዬ አጣነሽ ቤት የገባሁት። ምን እንደሆነ ነገርኳቸው፤ ስለ ፈረምኩት ወረቀት ግን አልነገርኳቸውም። እሳቸው ጋቢውን ተቀብለው አገላብጠው አዩት፤ ጭቃ ነበር። “ታዲያ ምን ለብሶ ሄደ?” አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ነው፤ ላሳጥረው። በየሳምንቱ አንዴ እትዬ አጣነሽ፣ አንዴ እኔ ጎንደር እስር ቤት ድረስ ስንቅ እናመላልስ ጀመር። ስንቁን በር ላይ ይቀበሉናል፤ ባዶውን ሳህን ይመልሱልናል። ሳህኑ ባዶ ሆኖ ሲመለስ በሕይወት አሉ ማለት ነው ብለን እንመለሳለን። ቃሌን ለማስተካከል ሦስት ቢሮ ዞርኩ። ማመልከቻ ጻፍኩ። አንደኛው ቢሮ ወደ ሁለተኛው ላከኝ፣ ሁለተኛው ወደ ሦስተኛው። በሦስተኛው አንድ ሰውዬ ቃል አንዴ ከተሰጠ ተሰጠ ነው፣ እህቴ፣ ራስሽን ጠብቂ አለኝ። ከዚያ ወዲያ አልሄድኩም። ፈራሁ።

የመጀመሪያው ክረምት አለፈ። እንሶስላው ሁሉ በቀለ ማለት ይቻላል፤ ሥረ ብዙው ግማሹ ጸደቀ፤ ላባ ቅጠሉ አንድ እንኳ አልተረፈም። የምንጩ አፍ በዚያ ዓመት አልተናደም። ሴቶቹ እልል ብለው ሲያመሰግኑኝ ቆሜ ተቀበልኩ። የእኔ አይደለም ልል ስነሳ የአያ ተገኘን ስም መጥራት ይብስ ያስጠይቃቸዋል ብዬ ዋጥኩት።

ሁለተኛው ክረምት ከገባ በኋላ ተፈቱ። ለምን እንደታሰሩ እንዳልተነገራቸው ሁሉ ለምን እንደተፈቱም አልተነገራቸውም። ቤታቸው ስሄድ በር ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ግራ እግራቸው አይታጠፍም። ከፊታቸው ተንበርክኬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ ወረቀቱ፣ ስለ ፊርማዬ።

“አውቃለሁ” አሉኝ። “አንብበውልኛል። በጠየቁኝ ቁጥር ያነቡልኝ ነበር፤ በቃሌ ይዠዋለሁ።”

መሬቱን እያየሁ አለቀስኩ።

“አታልቅሺ። መጀመሪያ ሲያነቡልኝ ስለ ሌላ ሰው መስሎኝ ነበር። ገደሉን ጠንቅቆ ያውቃል፣ በሽተኛ በነፃ ያክማል ሲሉ… ይሄ ማነው አልሁ። ኋላ እኔ መሆኔ ገባኝ።” ግራ እግራቸውን በእጃቸው አሹ። “በዚህ ዕድሜዬ እንዲያ አድርጎ ያመሰገነኝ ሰው አልነበረም፣ ልጄ። ክፉ ሲሆንብኝ እሱን ነበር የማስበው።”

እውነታቸውን ይሁን እኔን ሊያሳርፉኝ፣ ይኸው ፀጉሬ ሸብቶም አላወቅሁም። እናንተ ብትሆኑ የትኛውን ታምናላችሁ? እኔ አንዳንድ ቀን አንዱን፣ አንዳንድ ቀን ሌላውን አምናለሁ። ያ ነገር ምን ለወጠሽ ለሚለኝ ግን መልስ አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ሰው ስጠየቅ፣ ሰውዬው ሎሌም ይሁን አለቃ፣ ጠያቂው ምን ሊያደርግበት እንደፈለገ ሳላውቅ አፌን አልከፍትም። አገሩ ተለውጦ፣ ያ መንግሥት ወድቆ፣ እኔ ራሴ የጣቢያ ኃላፊ ሆኜ እንኳ የሠራተኛ ምስክርነት ጻፊ ሲሉኝ እጄ ይያዛል። ብዙ ጥሩ ሰው ሊያገኝ የሚገባውን ጥሩ ቃል ሳልጽፍለት ቀርቻለሁ። ይህም ሌላ በደል መሆኑን አውቃለሁ።

አያ ተገኘ ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖሩ። ገደል አልወረዱም። አንድ ቀን ጠዋት ቤታቸው ተቀምጬ ሳለ አንዲት እናት እግሩ ያበጠ ልጇን አዝላ ከሩቅ መጣች። ስማቸውን ጠርታ፣ ሥር ያውቃሉ ተብዬ ነው የመጣሁት አለቻቸው። አያ ተገኘ ልጁን ሳያዩት ራሳቸውን ነቀነቁ። “ተሳስተሻል፣ ልጄ። እኔ ሥር አላውቅም። ጤና ጣቢያ ውሰጂው” አሏት። ጤና ጣቢያው በዚያ ሰሞን መድኃኒት እንዳልነበረው ሦስታችንም እናውቃለን።

ሴትዮዋ አላመነችም። ወደ እኔ ዞረች። “እውነት አያውቁም?” ብላ ጠየቀችኝ።

አያ ተገኘ አዩኝ።

“አያውቁም” አልኳት።